ደወሉ ሦስት የመታ ዕለት

ሰው ሲቆጠር ራስ አይቆጠርም፤ ጫማ ነው የሚቆጠረው። ራስ ይዞራል፣ ኮፍያ ያወልቃል፣ ፎቶ ሊያነሳ ጎንበስ ይላል። ጫማ ግን ጠዋት የተጫሙት ማታም ያው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ አሮጌ የጣሊያን ከተማ ቱሪስት በእግር ሳስጎበኝ የኖርኩት ጫማ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ጥንድ ከጎደለ ወይ አንዱ ታሟል፣ ወይ አይስክሬም ሊገዛ ሾልኳል። ዛሬም እዚህ አሜሪካ፣ ሞርስ ሮድ ያለ ግሮሰሪ አስቤዛ ልገዛ ስገባ ሰልፉን በጫማ እቆጥራለሁ። ልጄ ሃያት፣ "አባዬ፣ የሰው እግር ላይ አታፍጥ፤ ፖሊስ ይጠሩብሃል" ትለኛለች።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከሮም በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል፣ ኮረብታ ላይ፣ በግንብ የታጠረች ናት። ስሟን ብጠራ አንዱ ተነስቶ፣ "እኔ አውቃታለሁ፣ እንዲህ አይደለችም" ብሎ ይሟገተኛል። ደግሞም እዚያ አንዲት ሴት አለች፤ ከዚህ በፊት ስሟን በሰው ፊት አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጨረሻዋ ቀን አለቃዬ ናቢል ኬክ ገዝቶ ቢሮ ሲጠብቀኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ "ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ሊያስፈርመኝ ነው?" የሚል ነበር። ወላሂ እንዲህ ነኝ። ደሴ ስናድግ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይሉን ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሌላው ምክር ሁሉ ይቺን አጥብቄ ያዝኳት። አስጎብኚነት አባሰብኝ። ኪስ አውላቂው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ነጋዴ የቻይና ዕቃ የእጅ ሥራ ነው ብሎ እንደሚሸጥ፣ የትኛው አስጎብኚ ታሪክ ከኪሱ እያወጣ እንደሚያወራ ማየት እንጀራዬ ሆነ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ፤ የጎዳኝም ይኸው ነው።

ወደዚያች ከተማ የገባሁት የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ከሆቴሉ ጀርባ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ የከተማዋ አንጋፋ ሴት አስጎብኚ ሁልጊዜ እንግዶቻቸውን እዚያ አቁመው፣ "ስድሳ ደረጃ ነው፣ አይዟችሁ" ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሻንጣ ተሸክሜ ሳልፍ አላስችል አለኝና፣ "ስድሳ አራት ነው፤ እኔ በወገቤ ነው የቆጠርኩት" አልኩ። እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ማለዳ ብቻቸውን ሲወጡ ሲወርዱ አየኋቸው። ከዚያ ሆቴሉ ገብተው ፊቴ ቆሙና፣ "ስድሳ አራት ነው። ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ" አሉኝ።

ለስድስት ዓመት ከኋላቸው ተከተልኩ። የፈቃዱን ፈተና ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ፤ የወረቀቱን ነገር እዚህ ላይ ልተወው። ያስተማሩኝ ሁሉ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነው። እንግዶችን ጥላ ውስጥ አቁመህ አንተ ፀሐይ ላይ ቁም። ድንጋዩ ላይ እየሄድክ አታውራ፤ ሰው ወይ ይሰማሃል ወይ እግሩን ያያል፣ ሁለቱን አይችልም። በጣም ዝግ የሚለውን ሰው ከፊት አስቀድመው፤ ከኋላ ካደረግኸው ይጠፋል፣ ያፍራልም። ስለ አንድ ግንብ ከመናገራቸው በፊት ደግሞ ሲኞራ ኢዳ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይነኩት ነበር። ነክተው ከሦስት ቃል አንዱን ይላሉ፦ "አይቻለሁ"፣ "ተጽፏል" ወይም "ይባላል"። የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ አንድም ታሪክ አይጀምሩም። እኔ አንድ ጊዜ "ይባላል" የሚለውን ዘልዬ ስለ አንድ ጳጳስ ሳወራ ሰምተውኝ፣ እራት ሰዓት ድረስ አላናገሩኝም።

ሰዓት አያስሩም ነበር። አደባባዩ መሃል ምንጭ አለ፤ ምንጩ ዙሪያውን ደረጃ አለው። የደወሉ ማማ ጥላ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳረፈ አይተው ሰዓቱን ይነግሩሃል። ለምን ደወሉን አይሰሙም ስላቸው፣ "ደወሉን ሰው ነው የሚሞላው። ጥላውን የሚሞላ ሰው የለም" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። የጉዞው መጨረሻ ላይ፣ ከከተማዋ ግንብ ታችኛው በር ስንደርስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቃል ብቻ ይወረውሩልኛል፤ "ቁጠር!" ጫማውን እቆጥርና፣ "ማንም አልጎደለም" እላለሁ። ያን ጊዜ ነው ሥራው የሚያልቀው።

ሃያትን ያሳደገቻት እናቷ ናት። እኔ ለባዕድ ሰው የባዕድ ግንብ ስተርክ ልጄ ደሴ አደገች፣ ዲቪ ደርሷት ኮሎምበስ ገባች፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዛች። እናቷ ካረፈች በኋላ ለእኔም ግሪን ካርድ አስጨረሰችልኝና 2020 መጀመሪያ ላይ መጣሁ። ሐሳቤ ሦስት ወር ቆይቼ ለቱሪስቱ ወቅት መመለስ ነበር። በሦስተኛው ወር ዓለም በኮሮና ተዘጋ። በዚያው ጸደይ ሲኞራ ኢዳ በበሽታው ሞቱ። የነገረችኝ ልጃቸው ሉቺያ ናት፤ ቀብራቸው ላይ ስድስት ሰው ብቻ እንደተፈቀደ ስትነግረኝ በሃያት ኩሽና ውስጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወርጄ አለቀስኩ።

ናቢልን ያገኘሁት መስጊድ ነው፤ በመሃላችን የአንድ ሰው ቦታ ተትቶ ቆመን። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው። አባቱ ኖርዝላንድ ሰፈር የአውሮፕላን ቲኬትና የዑምራ ጉዞ የሚሸጥ ቢሮ ነበራቸው፤ በረራ ሲቆም ቢሮው ባዶ ሆነ። "ጋሼ ሰይድ" አለኝ፣ "ፒፕል ቤታቸው ተዘግቶባቸው ስታክ አድርገዋል። ኢታሊን በዙም ብናሳያቸውስ? አንተ ታወራለህ፣ እዚያ ያለ ሰው ዎክ ያደርጋል።" መጀመሪያ ገንዘቤን ሊበላ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ገንዘብ እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ ተስማማሁ።

እዚያ የምትሄደው ሉቺያ ሆነች። ዕድሜዋ ሃምሳ አልፏል፤ የሙዚየም ቲኬት ቆራጭ ነበረች፣ ሙዚየሙ ሲዘጋ አሰናበቷት። እናቷ ይኖሩበት የነበረው አደባባዩ አጠገብ ያለ ቤት የኪራይ ነው። ይህ ሥራ ከተገኘ በእናቷ ቤት ትቆያለች፣ ካልተገኘ ትለቃለች። ነገሩ ይኸው ነበር፣ እኔም አውቀው ነበር።

ኤፕሪል 2021 ጀመርን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። እንግዶቻችን የአረጋውያን ማረፊያዎች፣ ላይብረሪዎች፣ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሉቺያ ስልኳን በዱላ ላይ ሰክታ ትሄዳለች። የእኛ ድምፅ መንገድ ላይ እንዳይጮህ ሚዩት ታደርገናለች፤ እኛ የእሷን ከተማ እንሰማለን፣ እሷ ግን እኛን አትሰማም። ስለዚህ በሰዓት ነው የምንገናኘው፦ ምንጩ ጋ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ደረጃው ሥር ይህን ያህል። እኔ በሃያት ቤዝመንት ውስጥ ላፕቶፕ ፊት ቆሜ አወራለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። ድሮ እንግዶች እንዲከተሉኝ ከፍ የማደርገውን የተጠቀለለ ጃንጥላዬንም እይዝ ነበር፤ ማን ሊከተለኝ እንደሆነ እንጃ። መጨረሻ ላይ ከታችኛው በር ስትደርስ ሉቺያ ካሜራውን ወደ ራሷ ጫማ ዝቅ ታደርጋለች። እኔም፣ "አንድ ጥንድ፤ ማንም አልጎደለም" እላለሁ። እንግዶቹ ይስቃሉ። ልማዱ የእናቷ መሆኑን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

አሁን የሰዓቴን ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። የእጅ ሰዓቴን የምሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በሄድኩበት አገር ሁሉ። የኮሎምበስ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት በእጄ ላይ አራት ነው። ጣሊያን ደግሞ ከኮሎምበስ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚህ ጠዋት አሥር ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ አራት ነው። ስለዚህ በእጄ ላይ ያለችው ሰዓትና የከተማዋ ማማ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይላሉ። ጉዞውን አሥር ደቂቃ ቀደም ብለን እንጀምራለን፣ ምንጩ ጋ ስንቆም ደወሉ አራት ይመታል፣ እኔ ጃንጥላዬን አንስቼ ዝም እላለሁ። ከወሎ የመጣ ሰዓት ከጣሊያን ማማ ጋር እንዲህ ሲስማማ ልቤ ይሞቅ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ጥርጣሬው የጀመረው በሴፕቴምበር ነው። አንድ እንግዳ ለናቢል ጻፈለት፦ ይሄ ላይቭ አይደለም፣ የተቀዳ ቪዲዮ ነው የምታሳዩን። ናቢል ቀለል አድርጎ፣ "ላይቭ ነው፣ አይደል ጋሼ?" አለኝ። "ምን ጥያቄ አለው" አልኩት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አብሮኝ ገባ። ከዚያ ወዲያ እያወራሁ ሁሉ ዓይኔ ሉቺያን መፈተሽ ያዘ። አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነባል። አንዲት ሰማያዊ መኪና ሁልጊዜ ዳቦ ቤቱ ፊት ናት። ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ። በሽማግሌው ነገር ሉቺያን በስልክ ስጠይቃት፣ "ጡረተኛ እኮ ነው፣ የት ይሂድልህ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ረዘመብኝ። ሰው ሲሸፍን ነው እንዲህ የሚስቀው አልኩ። አስቡት እንግዲህ፣ ያቺን ልጅ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ኦክቶበር አልቆ ነበር፣ ማክሰኞ። ከአንድ የአረጋውያን ማረፊያ አሥራ ዘጠኝ ስክሪን ገብቷል። ምንጩ ጋ ቆምን። ሰዓቴ አራት አለች፣ ጃንጥላዬን አነሳሁ። ደወሉ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

እጄ ላይ አየሁ፤ አራት። ማማው ላይ አየሁ፤ ሦስት። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ነው። ሰማያዊዋ መኪና ቆማለች። ያዝኩሽ አልኩ በልቤ። በሌላ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ የቀዳችውን ነው የምታጫውተን፤ እሷ ቤቷ ቁጭ ብላለች።  የእናቷ ልጅ ሆና ነው የበለጠ የተናደድኩት።

ለእንግዶቹ እንዲህ አልኳቸው፦ "ይቅርታ አድርጉልኝ። የምታዩት የዛሬ አይደለም። ጓደኛዬ አታልላናለች። እኔ ውሸት አላስጎበኝም።" ቃል በቃል ይኸው ነው። ላፕቶፑን ከደንኩት።

ናቢል ወዲያው ኮል አደረገኝ። "ሹር ነህ፣ ጋሼ?" አለ። "እንደ ስሜ" አልኩት። ለሁሉም ገንዘባቸውን ሪፈንድ አደረገ፣ ለሉቺያም ሥራው እንዳበቃ ጻፈላት። ከሰዓት በኋላ ከእሷ መልእክት መጣልኝ። ሦስት ቃል ነበር፦ "ሰይድ፣ ምን አጠፋሁ?" አነበብኩት። አልመለስኩላትም። ታውቀዋለች ብዬ።

እሑድ ጠዋት ሃያት ወንበር ላይ ወጥታ የኩሽናውን የግድግዳ ሰዓት ወደኋላ ስትመልስ ደረስኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሰዓት ተቀየረ እኮ፣ አባዬ። ሌሊቱን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ሄደ። ያንተንም አስተካክል።"

"ዛሬ?" አልኳት። "ኖቬምበር ከገባ በኋላ?"

"አዎ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።"

ጣሊያን ሃምሳ ጊዜ ያህል ሰዓት ቀይሬያለሁ፤ በጸደይ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በመኸር አንድ ሰዓት ወደኋላ። እዚያ የሚመለሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። አሜሪካ ደግሞ የሚመልሰው በሳምንቱ ነው። እኔ ሁሉም በአንድ ሌሊት የሚቀይሩ ስለሚመስለኝ፣ እዚህ ካልተቀየረ እዚያም አልተቀየረም ብዬ ነበር። በመሃል ባለችው በዚያች አንድ ሳምንት የስድስቱ ሰዓት ልዩነት አምስት ይሆናል፤ እዚህ አሥር ሲሆን ማማው በእውነት ሦስት ነው የሚመታው። ደወሉ አልዋሸም። ሉቺያ አልዋሸችም። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ሃያት፣ "አባዬ፣ አመመህ?" አለችኝ።

"መኪናሽን አስነሺ" አልኳት። "ናቢል ጋ ውሰጂኝ።"

ናቢል ጉዞዎቹን ሁሉ ይቀዳ ነበር፤ የዚያን ዕለቱንም ማሽኑ እንደተከፈተ ትቶት ነበርና ተቀድቷል። ቢሮው ውስጥ ኦቨርኮቴን ሳላወልቅ አየሁት። መጀመሪያ ምንጩ ታየ። የማማው ጥላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። የቅዳሜውን አስከፈትኩት፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። የሐሙሱንም እንደዚያው። ሰው ሰዓቱን መልሶታል፣ ፀሐይዋ ግን ባለችበት ናት። በሌላ ቀን ሦስት ሰዓት የተቀዳ ቢሆን ኖሮ ጥላው ገና እዚያ አይደርስም ነበር። አንድ ጊዜ ዝቅ ብዬ ደረጃውን ብመለከት ኖሮ ሁሉም ነገር ተጽፎልኝ ነበር። ሲኞራ ኢዳ ስድስት ዓመት ያስተማሩኝን በሦስት ምት ደወል ጣልኩት።

ከዚያ ድምፄ ይሰማል፤ "አታልላናለች"። ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሉቺያ ግን አትሰማንም። ቀጠለች። ባዶ ለሆነ ስክሪን ሃምሳ ደቂቃ ሄደች። በየማረፊያው ደቂቃዋን ቆጥራ ቆመች። በየግንቡ ስር ከካሜራው ፊት እጇ ይገባና ድንጋዩን በመዳፏ ይነካል፤ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። ስድሳ አራቱን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይሰማል። ከታችኛው በር ስትደርስ ካሜራውን ወደ ጫማዋ ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ከወትሮው ረዘም አድርጋ ነበር የጠበቀችው። የሚቆጥርላት ሰው አልነበረም።

ናቢል ስክሪኑን እያየ፣ "ዋት ዲድ ዊ ዱ፣ ጋሼ" አለ በቀስታ። "አንተ ምንም አላደረግክም" አልኩት።

ያን ቀን ደወልኩላት፤ አላነሳችም። በድምፅ ረጅም መልእክት ላክሁ፤ ስለ ሁለቱ አገር ሰዓት፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ድፍረቴ፣ ስለ እናቷ። መስማቷን ስልኩ ያሳያል። መልስ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ናቢልም ይቅርታ ጽፎ ሥራውን መልሶ ሰጣት፤ አመስግና "አልፈልግም" አለችው። ለእንግዶቹ ሁሉ እኔ ራሴ ጻፍኩላቸው፦ እሷ አላታለለችንም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ። ጥቂቶቹ መለሱልኝ። በጃንዋሪ የእናቷን ቤት እንደለቀቀች፣ ባቡር ጣቢያው ሥር አንድ ክፍል እንደተከራየች ከሆቴሉ ሰዎች ሰማሁ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ለናቢል፣ "በቃኝ" ብዬዋለሁ። ኬኩ የመጣው ያኔ ነው። ቸኮሌት ነበር፣ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ፣ መስጊድ እሄዳለሁ፣ የሃያትን ግቢ እጠርጋለሁ። ሰው መጠርጠሬን አልተውኩም፤ በዚህ ዕድሜ አይለቅም። አሁን ግን ሰው ከመክሰሴ በፊት ጎንበስ ብዬ መሬቱን አያለሁ።

ባለፈው ኦክቶበር ማለቂያ፣ ያቺው ሳምንት ስትገባ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሰዓቴ ለአራት አሥር ጉዳይ ላይ ስልኬ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ ነው። ስሟን አየሁና በስህተት ነክታው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ከፈትኩት።

ፊቷ የለም። ምንጩ ነው የሚታየው።  ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ጋዜጣውን ይገልጣል። አሥሩን ደቂቃ እንዲሁ ቆየን። ሰዓቴ አራት ስትል ደወሉ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጸጥ አለ።

"ሉቺያ" አልኳት፣ "ጥላው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።"

 "ዛሬ ድምፁን አልዘጋሁትም" አለች። "እየሰማሁህ ነው።"

እጇ ገባና የምንጩን ድንጋይ ነካ። ካሜራው ወደ ዳገቱ ዞረ። እኔም ቤዝመንት ወርጄ ጃንጥላዬን አነሳሁና ባለፈው ዓመት ያቋረጥኩትን ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ያየሁትን አይቻለሁ፣ የተጻፈውን ተጽፏል፣ የተባለውን ይባላል እያልኩ። ስትሄድ ዝም አልኩ፣ ስትቆም አወራሁ። ደረጃውን አብረን ቆጠርን፣ እሷ በእግሯ እኔ በአፌ፤ ስድሳ አራት። ስለ ፍርዴ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ይቅርታ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ከታችኛው በር ስትደርስ ቆመች። ካሜራውን ወደ ጫማዋ ዝቅ አደረገችው። ቡናማ ነው፣ ተረከዙ አልቋል።

"ቁጠር" አለች።

"አንድ ጥንድ" አልኩ። ጃንጥላዬን ዝቅ አደረግሁ። "ማንም አልጎደለም።"